ክዳኑ ሲከፈት

በድሬዳዋ ደረቅ ወደብ የሠራተኞች በር የሚከፈተው ለፊት ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ በሩ ግድ የለውም፤ የሚያየው ቅባቱን ነው። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮች፣ አፍንጫ፣ የጆሮ ጫፍና ማጅራት የፀሐይ ቅባት ከተቀቡ ይከፈታል። አንዱ ከተረሳ አይከፈትም። ያኔ ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ "ማጅራትሽን!" "አፍንጫህን እንጂ ሰውዬ!" እያለ ይጮኻል። ጠዋት ጠዋት በሩ አካባቢ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ነው።

ሉባባ ዑመር በዚህ በር ስትገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጡ ኮንቴነሮች ሲራገፉ በመሃላቸው እየተዘዋወረች ማኅተማቸው አለመነካቱን ታያለች። ጥላ የሌለው ሥራ ነው። ፀሐይ ሰው ማቁሰል ከጀመረች ወዲህ ያለ ቅባት ደጅ መሥራት በሕግ ተከልክሏል፤ ሕጻናትም ያለ ቅባት ወደ ትምህርት ቤት ሜዳ አይወጡም።

ቅባት መግዛት የራሱ ሥርዓት አለው። ሱቅ ይገባል፣ ዕቃው ይመረጣል፣ አውራ ጣት መስታወቱ ላይ ይደረጋል፣ ይጠበቃል። መልሱ የሚመጣው ከምትክ ቤት ነው። ምትክ ቤት ከከተማው ዳር ያለ፣ መስኮት የሌለው ረጅም ሕንጻ ነው፤ ከአዛውንቶቹ በቀር የእያንዳንዱ የድሬ ሰው ቆዳ እዚያ አለ። ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከጆሮው ጀርባ የምስር ፍሬ የምታህል ቆዳ ይወሰድለታል። ከእሷም የመዳፍ ስፋት ያላት ቆዳ ትበቅላለች። ምትክ የምትባለው እሷ ናት። እስከዚያ ልጅ በወላጆቹ ምትክ ያለፈውን ይቀባል፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ቅባት መቀባት በሕግ አይፈቀድም። ሰውየው ሊገዛው ያሰበው ቅባት፣ ሳሙና፣ ኩል ወይም ሽቶ አስቀድሞ እሷ ላይ ይንጠባጠባል። ምትክ ካልተቆጣች መስታወቱ አረንጓዴ ይሆናል፤ ባለሱቆቹም "ቆዳሽ እሺ ብላለች" ይላሉ። ከተቆጣች ቀይ ይሆናል፤ ዕቃውም ወደ መደርደሪያው ይመለሳል።

በየዕቃው ላይ ትንሽ የጥንቸል ምስል አለ። ለሙከራ እንስሳ አልተነካም ማለት ነው። የሉባባ እናት በወጣትነታቸው ምስሉ ያለበትንና የሌለበትን ዕቃ እየለዩ ይገዙ ነበር፤ ያኔ የሚለይ ነገር ነበረ። ሉባባ ስታድግ ምስሉ የሌለበት ዕቃ ከገበያ ጠፍቶ ነበርና መለየት የሚባል ነገር አልደረሰባትም። እሷ የደረሰባት አውራ ጣትን መስታወቱ ላይ አድርጎ መጠየቅ ነው። መጠየቅ ማንንም ስለማይጎዳ እንደልቧ ትጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ አውቶቡስ ዘግይቶባት፣ ሱቁ ውስጥ ቆማ የሽቶውን መደርደሪያ ከዳር እስከ ዳር አስጠይቃለች። አንዱንም አልገዛችም።

በኅዳር ወር አንድ ቀን ጠዋት ስልኳ ላይ መልእክት ደረሳት። "ምትክዎ ስለደከመች በአካል ይቅረቡ" ይላል። ከአለቃዋ አስፈቅዳ ሄደች።

የተቀበሏት ዶክተር ያብስራ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ ተዛውረው ከመጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሆኖም ሰውን ሁሉ "እርስዎ" ማለቱን አልተዉም። ሉባባ ደግሞ የድሬ ልጅ ናት፤ ድሬ ላይ ሽማግሌውም ዶክተሩም "አንተ" ነው።

"ገብተው ያውቃሉ?" አሏት።

"የት? እዚህ? ምን ልሠራ እገባለሁ?"

ዶክተሩ በሩን ከፍተው አሳለፏት። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ፣ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ሕጻን ታጥቦ የወጣበት ክፍል ይመስላል። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ባለክዳን ክብ ሣህኖች ተደርድረዋል። ከየሣህኑ በላይ ጫፉ ላይ ጠብታ የሚይዝ ቀጭን የብረት ክንድ አለ። ከየአቅጣጫው ክዳን ሲከፈትና ሲዘጋ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጠዋት ነው፤ ሰው ሱቅ ገብቷል።

ዶክተር ያብስራ አንድ ሣህን አጠገብ ቆሙ። "ይህቺ የእርስዎ ናት። አሁን ክዳኑን እከፍታለሁ። ምንም አላደርግባትም፤ እከፍተዋለሁ ብቻ።"

ክዳኑ ተነሣ። ሉባባ ጎንበስ ብላ አየች። ቀለሙ የራሷ ነው፣ አላጣችውም። ግን ጠባሳ የለበትም፣ ማድያት የለበትም፣ ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ለስላሳ ጸጉር ወደ አንድ ወገን ተኝቶበታል። እሷ ያልኖረችበት የራሷ ቆዳ ነበር።

ከዚያ ጸጉሮቹ ቆሙ። መጀመሪያ ዳር ዳር ያሉት፣ ቀጥሎ የመሃሉ። ቆዳው እንደተነጨ ዶሮ ነጠብጣብ አወጣ። የብረቱ ክንድ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"በርዷት ይሆን?" አለች ሉባባ።

"ከክዳኑ ውስጥም ውጭም ሙቀቱ አንድ ነው።"

"ታዲያ?"

"ከጥቂት ወራት ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ጠብታው ሳያርፍባት ትቆጣለች። ንጹሕ ውሃም ብናደርግባት መልሷ ቀይ ነው። ስለዚህ ለሥራ አትሆንም። እኛ መድከም እንለዋለን።"

"ፈርታለች እኮ!"

ዶክተሩ ክዳኑን መለሱት። "ለመፍራት አእምሮ ያስፈልጋል፣ ወይዘሮ ሉባባ። እሷ የላትም።"

"ሕመም ግን ይሰማታል?"

"ስሜት አላት። ድሮ አልነበራቸውም። አንድ የኩል ዓይነት በሁሉም ምትክ አልፎ የስንቱን ሴት ዓይን ካቃጠለ በኋላ ነው ስሜት ያለው ቆዳ ይብቀል የተባለው። መቅላትን ማንም ያያል፤ ማቃጠልን ግን የሚያውቀው የሚቃጠለው ብቻ ነው።" ይህን ያሉት ለብዙ ሰው ደጋግመው የተናገሩትን ነገር በሚናገር ሰው ድምፅ ነበር። "ለማንኛውም ቀላል ነገር ነው። እዚህ ላይ ጣትዎን ይጫኑ። ይህቺ ትወገዳለች፣ ከጆሮዎ ጀርባ አዲስ ናሙና እንወስዳለን፣ እስክትበቅል ድረስ የያዙትን ቅባት ይጠቀማሉ።"

ሉባባ ጣቷን አልዘረጋችም። "ከዚህች በፊትስ ሌላ ነበረች?"

"ሦስት ነበሩ።"

"ሦስት? ማን ጠየቀኝ?"

"አባትዎ መጀመሪያ ሲፈቅዱ ለሁሉም ፈቅደዋል። ባለቤቷ ትጠየቅ የሚለው ደንብ የወጣው አምና ነው።"

በአጠገባቸው የአንድ ሌላ ሰው ክዳን ተከፈተ። ክንዱ ወረደ፣ አንጠባጠበ፣ ተነሣ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ወረደ። ያ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሁለተኛ ዕቃ መርጧል።

"አልፈቅድም ብልስ?"

ዶክተር ያብስራ ቀና ብለው አዩዋት። "እንግዲያ ያለችው አትሠራም፣ አዲስም አይኖርዎትም። ማንም ሳሙና እንኳ አይሸጥልዎትም።"

"ላስብበት" አለችና ወጣች።

ባሏ ነጂብ አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ በሙቀት ወራት የድሬ ሰው ከሐኪም ይልቅ እሱን ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ምሳ ላይ ነገረችው። እሱ ዓሣውን እየጎረሰ መሃል ላይ ቆመ።

"ሉቤ፣ ቆዳ ናት እኮ።"

"ቆዳዬ ናት።"

"ጥፍርሽንም ትቆርጫለሽ። ለጥፍርሽ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?"

"ጥፍሬን ስቆርጠው ከመቀሱ አይሸሽም።"

"እና ምን ልታደርጊ ነው? ያለሽ ቅባት እኮ ለሳምንትም አይበቃም።"

ልጃቸው ሂባ ከወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዴ እናቷን አንዴ አባቷን ታያለች። ሂባ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። የእሷ ናሙና የሚወሰድበት ቀን ቀርቧል፤ የክፍሏ ልጆች አብዛኞቹ አስወስደው ከንፈር ቀለም ገዝተዋል፣ እሷ በልደቷ መዘግየት ወደ ኋላ ቀርታለች።

"እማ፣ የእኔስ?" አለች።

"ያንቺ ምን?"

"የእኔ ምትክ። ልትከለክይኝ ነው?"

"ስለ እኔ ነው የማወራው።"

"ጥንቸሎቹ ይሻሉ ነበር ልትዪ ነው?" ሂባ ድምጿ ከፍ አለ። "አያቴ እኮ ጥንቸሎቹ ዓይናቸው ውስጥ ሻምፑ ይጨመርባቸው ነበር ብላኛለች። እሱ ይሻል ነበር?"

"አይሻልም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"አላውቅም" አለች ሉባባ። እውነቷን ነበር።

ቅባቱን ቆጥባ ቆጥባ ለሥራ ብቻ ተቀባችው። ቆይቶ ቆርቆሮው ውስጡ በጣት ተጠርጎ አለቀ። በማግስቱ በሩ አልተከፈተላትም። ከኋላዋ ያሉት "ፊትሽን በሞላ!" ብለው ጮኹ፣ ሳቁም። የፈረቃ ኃላፊው ናኦል ጩኸቱን ሰምቶ ወጣ።

"ምን ሆነሽ ነው? ምትክሽ ደክማ ነው አሉኝ። አታስቀይሪም እንዴ?"

"አላስቀየርኩም።"

"እኔ በተለወጠች ቁጥር አንድ ቀን ፈቃድ እወስድባታለሁ፣ ደስ ይለኛል።" ቀልዱ እንዳልያዘ ሲያይ ወደ በሩ ጠቆመ። "ሉባባ፣ ይህን በር የሠራሁት እኔ አይደለሁም። አንድ ሳምንት እጠብቅሻለሁ። ከዚያ በቦታሽ ሰው አስገባለሁ።"

በሥራ ቀን ቤት መዋል የከበደ ነገር ነው። ሉባባ ግቢው ውስጥ ከጥላው ሳትወጣ ልብስ ስታጥብ ጎረቤቷ እማማ ሆደን በረንዳቸው ላይ ሆነው ያዩዋታል። እማማ ሆደን አርጅተዋል፤ ምትክ ቤት ሳይሠራ የተወለዱ ስለሆኑ ምትክ የላቸውም፤ ስለሌላቸውም ከሱቅ የፊት ነገር አይገዙም። ፊታቸው ላይ ሁልጊዜ ከዘመዶቻቸው የሚላክ ቃሲል የሚባል አረንጓዴ የቅጠል ዱቄት በውሃ ተለውሶ ተቀብቷል። የሰፈሩ ልጆች "አረንጓዴዋ እማማ" ይሏቸዋል።

"ነይ እስቲ" አሏት። "ቅባት አጥታ ነው የምትቀመጠው አሉኝ።"

"ማን አለሽ?"

"ልጅሽ። ነይ፣ ልቀባሽ።"

ሉባባ ተጠጋች፤ አሮጊቷ በሁለት ጣታቸው ከጎድጓዳው ሣህን እያነሡ ጉንጯን ይቀቧት ጀመር። ቀዝቃዛ ነው፤ ሣር ሣር ይሸታል።

"ይሄ ማን ላይ ተሞክሮ ነው?" አለች ሉባባ ዓይኗን ጨፍና።

"እኔ ላይ። ከእኔ በፊት እናቴ ላይ።"

"ቢያቃጥልሽስ ኖሮ?"

"መጀመሪያ ቀን ቆንጠጥ ያደርጋል። ካቃጠለሽ ትጮኺያለሽ፣ ሮጠሽ ትታጠቢያለሽ። አፍ አለሽ፣ እግር አለሽ፣ ውሃው ያው ቧንቧው።"

በማግስቱ ሉባባ ፊቷን አረንጓዴ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። በሩ አላወቀውም። የዚያን ቀን የሳቀው ሰልፈኛ ብቻ አልነበረም፤ የኮንቴነር ክሬን የሚነዳው ሰው እንኳ ከላይ ሆኖ ሲስቅ ይሰማ ነበር። እሷም ስቃ ተመለሰች። ወደ ቤቷ ግን አልሄደችም፤ በምትክ ቤት በኩል በሚያልፈው አውቶቡስ ተሳፈረች።

ዶክተር ያብስራ አረንጓዴ ፊቷን አዩ። ጣት የሚጫንበትን ሰሌዳ አቀረቡላት።

"አይደለም" አለች። "ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው። እኔው ላይ ሞክሩት።"

"ምን?"

"ቅባቱን። ክንዴ ይኸው። እሷ ላይ የምታንጠባጥቡትን እዚህ አንጠባጥቡት።"

እምቢ የሚሉ መስሏት ነበር። ዶክተሩ ሰሌዳውን አስቀመጡ። "ይቻላል" አሉ።

"ይቻላል?"

"ሕጉ በተጠቃሚው ቆዳ ላይ ይሞከር ነው የሚለው። የትኛው ቆዳ እንደሆነ አይናገርም። ይህም ቆዳዎ ነው።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ሰው የማያደርገው?"

"ስለሚያም ነዋ" አሉ ዶክተር ያብስራ።

ክፍሉ ውስጥ ወንበር አልነበረም፤ ተፈልጎ ከቢሮ መጣ። ያስፈልጋል ተብሎም አልታሰበም ነበር። ሉባባ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን መደርደሪያው ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ዶክተሩ ጓንት እያጠለቁ አሠራሩን አስረዷት። ምትክ ላይ የሚደረገው ጠብታ ሰው ፊቱን እንደሚቀባው ዓይነት አይደለም፤ የአንድ ዓመት ቅባት በአንድ ጠብታ ነው የሚሰጣት። በዓመት ውስጥ የሚመጣ ጉዳት ካለ ቶሎ እንዲታይ ነው።

"ይህንን ነው ሽቶ በጠየቅሁ ቁጥር?" አለች ሉባባ።

"በጠየቁ ቁጥር።"

የመጀመሪያው ቅባት ሲያርፍባት ምንም አልነበረም። ከዚያ ሞቀ። ሙቀቱ አልቆመም፤ ወደ ውስጥ እየገባ ሄደ። ትንፋሿን ያዘች።

"ስንት ነው?" አሉ ዶክተሩ።

"ምኑ?"

"ሕመሙ። ከምትክ ሲሆን መሣሪያው በቁጥር ያነበዋል። ከእርስዎ ማንበብ አይችልም፤ እርስዎ መናገር አለብዎት።"

"እንደ... የመጥበሻ እጀታ። ረስተህ የያዝከው የመጥበሻ እጀታ።"

"ቁጥር ነው የምፈልገው።"

"ቁጥር የለኝም! እጠበው! አሁን እጠበው!"

ዶክተር ያብስራ ውሃ ፍለጋ ዙሪያቸውን አዩ። ዓመታት ሙሉ በዚያ ክፍል ሠርተዋል፤ እጠበው ያላቸው አልነበረም። ከዚያ ተጣድፈው ውሃ አመጡ፤ ግማሹን ወለሉ ላይ ደፉት። ክንዷ ላይ የሳንቲም ያህል ቆዳ ቀልቶ አበጠ።

"ይቅርታ" አሉ። "ይብቃ?"

"ሁለተኛውን አምጣው።"

ሁለተኛው አሳከካት፣ ቆይቶም ውሃ ቋጠረ። ሦስተኛውን ጊዜው እስኪያልቅ ቻለችው፤ ጥቂት ከመሞቅ በቀር አላስቸገራትም። ዶክተሩ እንዲያልፍ ፈረሙበት። አንድ የፀሐይ ቅባት አገኘች ማለት ነው። ሳሙናው ሌላ ቀን ይሆናል ተባባሉ።

ስትነሣ ሣህኗን አየች። "እሷስ?"

"አልፈቀዱም፣ ስለዚህ አልተወገደችም። እንስሳ አይደለችም፣ ሰውም አይደለችም፤ የእርስዎ ንብረት ናት። የፈለጉትን ማዘዝ ይችላሉ።"

"ምግቧ ከየት ነው?"

"ከሥር በቀጭን ቱቦ።"

"ክዳኗን ሳትከፍቱ?"

"ሳንከፍት።"

"እንግዲያ አትክፈቱባት።"

"እስከ መቼ?"

"እስከምትኖር።"

"ምንም ጥቅም አይኖራትም እኮ፣ ወይዘሮ ሉባባ።"

"አውቃለሁ" አለች። ዶክተሩ ክዳኑ ላይ እንዳይከፈት የሚል ምልክት አደረጉ። ሉባባ እስኪያደርጉ ቆማ አየቻቸው።

ሳምንቱ ሳያልቅ በሩ ተከፈተላት። ናኦል የታሰረውን ክንዷን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር በፈለገች ቁጥር ቁስል አለውና ፍላጎቷን ትመዝን ጀመር። አንድ ሳሙና አስፈተነች፤ የልብስ ማጠቢያ አስፈተነች። ኩል ተወች። ሽቶ ተወች። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቿ ጎበዝ አሏት፤ የሚበዙት ግን ሲያልፉ ክንዷን እያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ነጂብ አንድ ጠዋት "ይህ ሁሉ ለአንድ ሣህን ቆዳ" ብሎ ጀምሮ፣ ፋሻውን ስትፈታ ሲያይ ሳይጨርሰው ወጣ። ቁስሉን የምታጥብላት ሂባ ነበረች። በጥጥ ቀስ አድርጋ ትነካውና ፊት ፊቷን ታያታለች።

"እዚህ ጋ ያማል?"

"ትንሽ።"

"እዚህስ?"

"እሱ ደህና ነው።"

"ምትክሽን እኮ ማንም አይጠይቃትም" አለች ሂባ አንድ ቀን። ጥያቄ አልነበረም።

የሂባ ቀን ሲደርስ ሉባባ ሌሊቱን እንቅልፍ አላጣችም። ነገሩን ቀድማ ጨርሳው ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ወዲያ ልጅ ምትክ ከሌላት ቅባት የላትም፤ ቅባት ከሌላት ሜዳ የለም፣ መንገድ የለም፣ ጓደኛ የለም። የራሷን ክንድ መስጠት ትችላለች፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅን ክንድ መስጠት ግን አትችልም። ምትክ ቤት በራፍ ላይ ልጆች ፊኛ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ወላጆች ፎቶ ያነሣሉ። ሉባባ ተራዋ ሲደርስ ሰሌዳው ላይ ጣቷን ተጫነች። ዶክተር ያብስራ አላዩዋትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ሂባ ከጆሮዋ ጀርባ ትንሽ ፕላስተር ተለጥፎላት እየሳቀች ወጣች።

ምትኳ ለመብቀል ጊዜ ወስዶባታል። ጥር ላይ "ዝግጁ ናት" የሚል መልእክት መጣ፤ የዚያኑ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከእናቷ ጋር ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው የኤልዳና ሱቅ ሄዱ። ኤልዳና የከተማውን ልጃገረዶች ሁሉ የመጀመሪያ ከንፈር ቀለም የምትሸጥ ሴት ናት።

"እሰይ! ሂቡዬ ትልቅ ሰው ሆነች!" ብላ መደርደሪያውን አዞረችላት። "እንደፈለግሽ ጠይቂ። ዛሬ ያንቺ ቀን ነው። ሁሉንም ጠይቂ!"

ከጎናቸው የሂባ እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛዋ በተራ በተራ ዕቃ እያነሣች አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ ታደርጋለች፤ ቀይ ሲሆን ትስቃለች፣ አረንጓዴ ሲሆንም ትስቃለች። ሂባ ብዙ ቆይታ አንድ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው መረጠች። አውራ ጣቷን አነሣች። ከመስታወቱ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች።

"እማ፣ ስነካው ነው ክዳኑ የሚከፈተው?"

"አዎ።"

"ወዲያው?"

"ወዲያው።"

ሂባ ጣቷ በአየር ላይ እንዳለ ጎኗ ያለችውን ልጅ አየቻት። ልጅቱ አሁንም እየጠየቀች ነበር። ሂባ እጇን አወረደች። ከመደርደሪያው ሥር ደንበኛ ቀለሙን እንዲያይባቸው ክፍት የተደረጉ ዕቃዎች አሉ፤ የወይን ጠጁን ከእነሱ መሃል ፈልጋ አነሣችና የታች ከንፈሯን ከዳር እስከ ዳር ተቀባችው።

"ኧረ! ኧረ ልጅቷን!" ኤልዳና ከመደርደሪያው ጀርባ ብድግ አለች። "እሱ ለማየት ነው! ቆዳሽ እኮ እሺ አላለችም! ሉባባ፣ ልጅሽን አታይም?"

ሉባባ አይታለች። እጇ ወደ ልጇ ከንፈር ሄዶ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። ሁለቱ ልጆች መጠየቃቸውን አቁመው ሂባን ያዩዋታል። ሂባ መስታወቱ ውስጥ ራሷን እያየች ትጠብቃለች። ቀለሙ አምሮባት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከንፈሯ ከቀለሙ ጠርዝ አልፎ መቅላት ጀመረ።

"ያቃጥላል" አለች። ከዚያም ድምጿ ተሰበረ፤ "እማ፣ ያቃጥላል!"

ሉባባ የያዘችውን የውሃ ጠርሙስ ከፈተች። ሂባ ደጅ ወጥታ መንገዱ ዳር ጎንበስ ብላ ታጠበች፣ ተፋች፣ እንደገና ታጠበች። ስትመለስ ከንፈሯ አብጦ ነበር፤ ቀሚሷ ደረቱ ላይ ረጥቧል። ኤልዳና ለማሳያ የተቀመጡትን ዕቃዎች እየሰበሰበች ነው።

"አትሰብስቢያቸው" አለች ሂባ ባበጠ አፏ። "ይሄ አይሆነኝም። ቡናማውን ልየው።"

ኤልዳና ወደ ሉባባ ዞረች። እናት ናትና ታቁማታለች ብላ የምትጠብቅ ትመስላለች። ሉባባ የልጇን አገጭ ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችውና ከንፈሯን በደንብ አየችው።

"ዛሬ አይሆንም" አለች። "ዛሬ ከንፈርሽ ይረፍ። ሲሽርልሽ እንመጣለን።"

ሂባ ጥቂት አሰበችና በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። ኤልዳና ቡናማውን ከሌሎቹ ለይታ ለብቻው አስቀመጠችላት።